«አፍሉ» የሚለው የቱ ጋ ነው?

ለከተማችን የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የደንበኞች ተግባቦት ዘርፍ ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በየጠረጴዛው ተቀምጠው አጭሩን ዓረፍተ ነገር ሲያስረዝሙ ለሚውሉት ባለሙያዎችዎ ሁሉ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። በተለይ የሆድ ጤንነት። ይህን ምኞቴን እንደ ተራ የደብዳቤ መክፈቻ እንዳይቆጥሩብኝ። እኔ በምኖርበት መንገድ ላይ ካለፈው ወር ወዲህ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ሆዱ ስለሆነ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ጽሑፍ ወደ ማተሚያው መኪና ከመግባቱ በፊት የተዛባ ፊደል፣ የተዘለለ ነጥብና ሁለት ጊዜ የተደገመ ቃል መልቀም ነበር። በዚህም ምክንያት የመንገዳችን ሰው «ጋሼ አራሚ» እያለ ይጠራኛል፤ ከሐኪም ቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከፍርድ ቤት የመጣለትን ወረቀት ሁሉ ይዞ በሬን ያንኳኳል። እኔም መነጽሬን ጠርጌ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ አነባለሁ፣ ከዚያም ምን ማለት እንደሆነ እናገራለሁ። ካነበብኩት ይልቅ የተናገርኩት ይታመናል። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ራሴን ለማሞገስ እንዳልሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል።

የዛሬው ደብዳቤዬ ምስጋናም አቤቱታም ያለበት ነው። ለጥናት እንዲመችዎ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ወር፣ ሰኞ ጠዋት፣ በየግቢያችን በር ላይ ስላስለጠፉልን ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ወፍራምና ነጭ ነው፤ ዓርማው በሁለት ቀለም ታትሟል፤ ማኅተሙ አልተንጋደደም፤ ፊርማውም ከማኅተሙ ጋር ሳይጋጭ ተቀምጧል። ጽሑፉን ለሌሎች አንባቢዎች ስል ሳልቀንስ ሳልጨምር እገለብጠዋለሁ።

«በአቅርቦት መረቡ የታችኛው የግፊት ዞን ላይ በተከሰተ የቅሪት ክሎሪን መዋዠቅ ምክንያት የማይክሮባዮሎጂያዊ ተቀባይነት መስፈርቱ በጊዜያዊነት ያልተሟላ ስለሆነ፣ ውድ ደንበኞቻችን ሁኔታው እስኪረጋጋ ድረስ በመጠቀሚያ ነጥብ ደረጃ ተገቢውን ቴርማል ትሪትመንት ተግባራዊ እንዲያደርጉ በአክብሮት እናሳስባለን።»

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም የፊደል ስሕተት የለም። «ማይክሮባዮሎጂያዊ» የሚለውን ረጅም ቃል እንኳ አንድ ፊደል ሳይጥሉ ጽፈውታል፤ ይህን ቃል ሳያጣምም የሚጽፍ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አላጋጠመኝም። ለዚህ ትጋት የሚገባውን ክብር እሰጣለሁ። እንዲህ የጠራ ጽሑፍ ሳይ ደግሞ ልቤ ያርፋል፤ ሥራው ያለቀለት፣ የሚጨነቁበት ነገር የሌለው ወረቀት ይመስለኛል። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

ሁለተኛ። ከእኔ ቤት አጠገብ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖራለች። ብቻዋን የምታሳድጋት የአራት ዓመት ልጅ አለቻት፤ በጣም ከማነሷ የተነሳ ሰፈሩ ድንቢጥ ይላታል። ልብስ ሰፊዋ ፊደል ብትቆጥርም የመሥሪያ ቤት ወረቀት ያስፈራታል፤ ስለዚህ ያን ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ነቅላ፣ መርፌና ክር ደረቷ ላይ እንደተሰካ፣ ወደ እኔ ይዛ መጣች። አነበብኩት። በዐይኔ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ሄድኩበት፤ ስሕተት አጣሁበት። «መጠቀሚያ ነጥብ» የሚለውን ሳይ በሐሳቤ አንድ ትልቅ ጋንና ብዙ ቧንቧ የተተከለበት ቦታ መጣልኝ። «ቴርማል ትሪትመንት» የሚለውን ሳይ መሐንዲሶች የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። «ውድ ደንበኞቻችን» የተባሉትም ፋብሪካዎችና ሆቴሎች እንጂ እኛ መስለው አልታዩኝም፤ ምክንያቱም መሥሪያ ቤትዎ እኛን ውድ ብሎን አያውቅም። ስለዚህ ወረቀቱን መለስኩላትና የቧንቧ ሥራ ነው፣ አንቺን አይመለከትም አልኳት። አመስግናኝ ሄደች፤ ማስታወቂያውንም ካነሳችበት በር ላይ መልሳ ለጠፈችው።

ሐሙስ ዕለት ድንቢጥ ማስመለስ ጀመረች። ዓርብ ረፋድ ላይ ዐይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ እናቷ ስትጠራት መልስ የማትሰጥ ሆነች። ጎረቤት ተሯሩጦ ሐኪም ቤት አደረሳት። እዚያ አሥራ አንድ ቀን ተኛች። ከአሥራ አንዱ ቀን ሦስቱን ኩላሊቷ ሥራውን ይቀጥል አይቀጥል እንደሆነ ሐኪሙም እርግጠኛ አልነበረም። በዚያው ክፍል ከእኛው መንገድና ከታችኛው ሰፈር የመጡ ሌሎች ሰባት ሕፃናት ተኝተው ነበር፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጋደሙባቸው አልጋዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ነርስ ለልጅቷ መርፌ የሚገባበት የደም ሥር እየፈለገች፣ ውኃ አታፈሉም ነበር እንዴ፣ ማስታወቂያ ወጥቶ የለም ወይ ብላ እናቲቱን ጠየቀቻት። እናቲቱ የመለሰችውን ነርሷ አልሰማችው ይሆናል፤ ከጎን ቆሜ የነበርኩት እኔ ግን ሰምቻታለሁ። «አስነብቤዋለሁ» ነው ያለችው።

ይህን ቃል ለመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ አበረክታለሁ። ደንበኛዎ ማስታወቂያዎን ችላ አላለችም፣ አልቀደደችም፣ ክር አልጠቀለለችበትም። አስነብባዋለች።

ልጅቷን ትንሽ ሻል ሲላት እናቲቱ ልብስ ለመቀየር ወደ ቤቷ መጣች፤ ከመግባቷ በፊት ግን ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ እንደገና ነቅላ ወደ እኔ ቤት ገባች። አልጮኸችም፤ አልሰደበችኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና «ጋሼ፣ አፍሉ የሚለው የቱ ጋ ነው? በጣትዎ ያሳዩኝ» አለችኝ። መነጽሬን አደረግኩ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በጋዜጣ ገጽ ላይ የወደቀች አንዲት ነጥብ ፈልጌ ያጣሁበት ቀን የለም። ያን ቀን ግን ከላይኛው መስመር እስከ ማኅተሙ ድረስ ጣቴን እየጎተትኩ ፈለግኩ፤ ማፍላት የሚባል ነገር አጣሁ። ውኃ የሚለው ቃል ራሱ ከዓርማው ላይ በቀር የትም የለም። ጣቴ «ቴርማል» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ያኔ በሙቀት ማከም፣ ማፍላት ማለት እንደሆነ ገባኝ። ጣቴንም ከዚያ ላይ አላነሳሁትም፤ እሷም ጣቴን አይታ ገብቷታል። ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ወጣች።

ሦስተኛ። ድንቢጥ ከሐኪም ቤት በወጣች ማግሥት ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ላመሰግን። መጀመሪያ ቁጥር ቆረጥኩ፤ ከዚያም ቅጽ ተሰጠኝ። ቅጹ «የቅሬታ ምድብ» በሚል ርዕስ ሥር ሀይድሮሊክ፣ ሜትሮሎጂያዊ፣ ኔትወርካዊና ሌላ የሚሉ አራት ሣጥኖች አሉት። ልጅ የታመመችበት ሰው የትኛውን እንደሚሞላ አላወቅኩም፤ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ቅጹ ተመለሰልኝ፤ ለካ «ሌላ» የሚለው የራሱ ኮድ አለው፣ ኮዱንም የሚሰጠው ሌላ ክፍል ነው። ከታች ደግሞ «ክስተቱ ያስከተለው የአገልግሎት መስተጓጎል በሰዓት» ይላል። አሥራ አንዱን ቀን በሃያ አራት አባዝቼ ሁለት መቶ ስልሳ አራት ብዬ ሞላሁ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ቁጥሩን አይታ፣ ለሁለት መቶ ስልሳ አራት ሰዓት የተቋረጠ መስመር በመዝገብ ላይ እንደሌለ በትሕትና አስረዳችኝ። እውነቷን ነው። ውኃው አንድም ሰዓት አልተቋረጠም፤ ቢቋረጥ ምንኛ በታደልን።

ከዚያም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደሚገኙት የተግባቦት ባለሙያዎ ተመራሁ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። አፍልታችሁ ጠጡ ተብሎ ስላልተጻፈበት ምክንያት ስጠይቃቸው፣ «አፍሉ» የሚለው ቃል ሙያዊ አለመሆኑን፣ የተቋሙን ገጽታ እንደሚጎዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በኅብረተሰቡ ዘንድ ሽብር እንደሚፈጥር አስተማሩኝ። ክቡር ሆይ፣ ለትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ ግን እኛ መሸበር ነበረብን። ያን ሰኞ መሸበር መብታችን ነበር። ልብስ ሰፊዋ ተሸብራ፣ ማሰሮዋን ጥዳ፣ ምድጃዋ አጠገብ እየተርበተበተች ብትውል ኖሮ ልጇ ሐሙስ ዕለት ደጅ ላይ ስትጫወት ትውል ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ግን እርጋታችንን ጠብቆልናል። ሕፃናታችንን ወደ ሐኪም ቤት የወሰድናቸው በፍጹም እርጋታ ነው።

ከዚያ ስወጣ አንዲት ሠራተኛ በመስኮቷ ቀዳዳ በኩል በእጇ ጠራችኝ። የትኛው መስኮት እንደሆነ አልነግርዎትም፤ ሰው በሚገባው ቋንቋ ተናግራለች ተብላ በዲሲፕሊን እንዳትጠየቅብኝ እፈራለሁ። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አልኩ። ግራና ቀኝ አየት አድርጋ፣ «አባባ፣ ውኃው ተበክሏል፤ አፍልተው ይጠጡ ማለት ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። ይህችን ለመናገር ትንፋሽ እንኳ መሳብ አላስፈለጋትም። ከዚያም፣ ያሳዘንኳት መሰለኝ፣ የላቦራቶሪው ሰው ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት በነበረው ዓርብ ዕለት በአንዲት መስመር ጽፎ የላከው ይህንኑ እንደነበረ፣ ወረቀቱ በአራት ጠረጴዛ አልፎ ሰኞ ሲወጣ ግን እሷም ልታውቀው እንዳልቻለች ነገረችኝ። የእሷ እናት ከዚያው ከዓርብ ጀምሮ እያፈሉ ነው። የሥራ ጓደኞቿ ሁሉ ቤታቸው ደውለው ነግረዋል።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ቢጎድልብኝ ይቅር ይበሉኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መሥሪያ ቤትዎ ተራ አማርኛ የማይችል ይመስለኝ ነበር፤ አዝንላችሁም ነበር። ለካ ትችሉታላችሁ። ዓርብ ዕለት በየስልኩ እየደወላችሁ ለእናቶቻችሁና ለልጆቻችሁ ስትነግሩ «ቴርማል ትሪትመንት» ያለ አንድ ሰው የለም። «እማዬ፣ ውኃውን አፍልተሽ ጠጪ» ነው ያላችሁት፤ እሷም ወዲያው ገብቷታል። የሚገባውን ቃል ለቤታችሁ አስቀራችሁት፤ የማይገባውን ማኅተም አድርጋችሁበት ለእኛ ሰጣችሁን። በዚህች ከተማ ባለፈው ወር ማን እንደታመመና ማን እንዳልታመመ የለየው የቧንቧው መስመር ብቻ አይደለም፤ ከእናንተ መካከል የሚደውልለት ዘመድ ያለው ሰው ተርፏል። እርስዎም፣ ክቡር ሆይ፣ ያን ቅዳሜና እሑድ ቤትዎ ውስጥ ምን ዓይነት ውኃ እንደጠጡ ራስዎን ይጠይቁልኝ። መልሱን ለእኔ መላክ አያስፈልግዎትም፤ ከማኅተም ጋር የሚመጣ መልስ ማንበብ ትቻለሁ።

አራተኛ። ይህኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው፤ ኮድ ካላችሁ ሙሉልኝ። ያን ሰኞ ማስታወቂያው አልገባኝም ነበር። አለመግባቱን አውቅ ነበር። አልገባኝም ብል ግን ልብስ ሰፊዋ ወደ ሌላ ሰው ትወስደዋለች፤ ጋሼ አራሚም ያቃተው ወረቀት አለ ይባላል። በዚህ አፈርኩና የመሰለኝን ነገርኳት። እናንተ እንዳይገባ አድርጋችሁ ጻፋችሁ፤ እኔ የገባኝ መስዬ አነበብኩ፤ ልጅቷ ጠጣች። ሥራውን ተካፍለን ነው የሠራነው። የእኔን ድርሻ ተቀብያለሁ፤ በየቀኑም ይዤው እነሳለሁ፤ የእናንተን ድርሻ ግን ተሸክሜ ልዞርላችሁ አልችልም፤ ኑና ውሰዱ።

ድንቢጥ አሁን ቤቷ ናት። እግሯ ከመቅጠኑ የተነሳ ጫማዋ ሰፍቷታል፤ በየሳምንቱም ለኩላሊቷ ምርመራ ትመላለሳለች። እናቷ ከዚያ ወዲህ ወረቀት ይዛልኝ አልመጣችም። ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ቤት የተሰጣትን ቀጠሮ ይዛ በሬን አልፋ፣ ሦስት ቤት ተሻግራ አናጢው ዘንድ ስትገባ በመስኮት አይቻታለሁ። አናጢው አሥር ቃል አንብቦ ሁለቱን ይስታል፤ ያልገባው ግን አልገባኝም የሚል ሰው ነው። ትክክለኛ ቦታ ሄዳለች።

አምስተኛና የመጨረሻ። ልመናዬ ትንሽ ነው። ወጪ የለውም፣ ጥናት የለውም፣ አማካሪ አያስቀጥርም። ከእንግዲህ ማንኛውም ማስታወቂያ ማኅተም ከማግኘቱ በፊት ለዚያች ባለ መስኮት ሠራተኛ እናት በስልክ ይነበብላቸው። አንብባችሁ ስትጨርሱ እሳቸው ተነሥተው ድስት ከጣዱ ለጥፉት። «ምን አልክ ልጄ?» ካሉ ደግሞ ለእኛ አትላኩብን፤ የጻፈው ባለሙያ ዘንድ ተመልሶ ይሂድ፤ እስኪገባቸው ድረስም ደጋግሞ ይጻፈው። ይህን ለማድረግ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ፣ አሥራ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ መዋልን ሞክሩት፤ እፍረት እዚያ ቶሎ ይለቃል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ወፍራሙ ወረቀትና ስላልተንጋደደው ማኅተም በድጋሚ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ መሥሪያ ቤትዎ በተመሳሳይ ጥራት እኛን ማገልገሉን ይተው ዘንድ ከፍ ባለ አክብሮት እለምናለሁ።

ቅሬታው በ«ሌላ» ምድብ የተመዘገበው፣ ኮዱንም እስከ ዛሬ ያላገኘው፣
በታችኛው የግፊት ዞን ነዋሪ የሆነው ታዛዥ ደንበኛዎ፣
የቀድሞ የማተሚያ ቤት አራሚ

ማስታወሻ፦ የውኃው ሁኔታ እስከ ዛሬ እንዳልተረጋጋ ሰምቻለሁ፤ ማስታወቂያዎም እንደተለጠፈ ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ባለ መስኮቷ የነገረችኝን በትልልቅ ፊደል በአርባ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ በየበሩ ከማስታወቂያዎ ጎን ለጠፍኩት። ማክሰኞ ዕለት ሁለት ተቆጣጣሪዎችዎ መጥተው አርባውንም ነቀሉት፤ ማኅተምና የወጪ ቁጥር የሌለው ሕገወጥ ልጥፍ ስለሆነ ነው አሉኝ። የእናንተን አልነኩትም። እኔም ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በአርባውም በር ላይ እየቆምኩ በአፌ እናገራለሁ፤ ይህንንም ለማስቆም ለአፍ የሚሆን ማኅተም ማሠራት ይኖርባችኋል። ሰዎቹ በር ከፍተው ያመሰግኑኛል፣ አንዳንዱም ግባ ይለኛል። የልብስ ሰፊዋንም በር አንኳኳለሁ። እሷ አትከፍትልኝም፤ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ቆም ታደርግና ከውስጥ ሆና «አፍልቻለሁ» ትላለች፤ እኔም ወደሚቀጥለው በር እሄዳለሁ።